ራስ ቆጣሪዋ

ትርፊት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ራስ ትቆጥራለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ መዘምራኑን ትቆጥራለች፤ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪውን ትቆጥራለች፤ ሰርግ ቤት ሄዳ ሙሽሮቹን በደንብ ሳታይ እድምተኛውን ቆጥራ ትመለሳለች። ቆጥራ ስትጨርስ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሰው አንድ ቦታ አይረጋማ፤ ይነሳል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ ቁጥሩም ይጎድላል። የጎደለው ሰው ሽንት ቤት ይሂድ፣ ውጪ ቆሞ ስልክ ያናግር፣ የትርፊት ልብ ያንን አያውቅላትም፤ ውሃ ውስጥ ነው ይላታል። ሚኒባስ ውስጥ ምን ውሃ አለ? ልብ እኮ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አይሰማም።

እንጀራዋ ነው እንዲህ ያደረጋት። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሆቴል ጓሮ፣ ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰ መዋኛ ገንዳ አለ፤ ትርፊት የዚያ ገንዳ ጠባቂ ናት። ስትቀጠር ላይፍ ጋርድ ነሽ ተብላ ነበር። በተግባር ግን ፎጣ ታድላለች፣ ክሎሪን ትጨምራለች፣ በውሃው ላይ የወደቀ ቅጠል በመረብ ታወጣለች፣ ሕፃን ሲያስመልሰው ታጸዳለች፣ አስተናጋጁ ሲጠፋም ለስላሳ ታቀብላለች። ይህን ሁሉ እየሠራች ዓይኗ ከውሃው እንዳይነቀል ይጠበቅባታል። የተሰጣት ዓይን ደግሞ እንደማንኛችንም ሁለት ብቻ ነው።

ተወልዳ ያደገችው ከምባታ፣ ሺንሺቾ ነው። ዋና የተማረችው ግን ሐዋሳ፣ አክስቷ ጋ ስትኖር ነው፤ ኋላም እዚያው ትወዳደር ነበር። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ሀብቴ ገንዳውን ሲከፍት፣ ሴት ጠባቂ ካለች እናቶች ልጆቻቸውን አምነው ይልካሉ ብሎ አስፈልጎ አስመጣት። እውነትም ላኩ። ሀብቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ። የመጣ ሰው ቶሎ ይታየዋል፤ የደከመ ሰው ግን ወድቆ ካላገኘው አይታየውም።

ነገሩ የጀመረው ከክረምቱ በፊት ነው። አንድ ቅዳሜ ገንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ትርፊት ፎጣ የጠፋባትን እንግዳ ስታነጋግር፣ አቢጋኤል የምትባል የመምህር ልጅ ሰመጠች። ሰው ሲሰምጥ ይጮኻል የሚባለው የፊልም ወሬ ነው፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ትርፊት ዘወር ስትል የሹሩባዋ ጫፍ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አየች። ዘላ ገባች፣ አወጣቻት፣ ሴራሚኩ ላይ አጋድማ ደረቷን እየተጫነች ትንፋሽ ሰጠቻት። ልጅቷ ቀዝቅዛ ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ ውሃው ከአፏ ወጣና አለቀሰች።

አቢጋኤል ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም እንደ ልጅ ትሮጣለች። ወላጆቿ በቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጁ። ትርፊትን ከፊት አስቀምጠው ጋቢ አለበሷት፣ መጋቢው ማይክ ሰጣት፣ መሰከረች፣ ጉባኤውም እልል አለ። በሳምንቱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ጠርቷት እዚያም መሰከረች። በመሰከረች ቁጥር ታሪኩ እያማረ ሄደ፣ እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ዓይኗን በከደነች ቁጥር ያ ሹሩባ ይመጣል። አቢጋኤል መንገድ ላይ አይታት እጇን ስታውለበልብላት ፈገግ ትልላትና ልጅቷ ስታልፍ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች።

ሰው ሞቶባት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ጎረቤት ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል፣ አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ «በይ በቃ፣ አይዞሽ» ይላታል። ሰው ሲድን ግን ማን ለቅሶ ይደርሳል? እልል ሊል የመጣ ሰው ፊት ምን ብላ ታልቅስ? አንድ ቀን ለመጋቢው ልትነግረው ሞክራ፣ «ጠላት ምስጋናሽን ሊሰርቅሽ ነው» ብሎ ጸለየላት። ደግ ሰው ነው። ጸሎቱን ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ያን ሌሊትም አልተኛችም።

ለሀብቴም ነገረችው። ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ «አቶ ሀብቴ፣ ብቻዬን አልቻልኩም» አለችው። «አንድ ዋና የሚችል ሰው ይጨመርልኝ። እሱ እስኪገኝ ደግሞ ቀትር ላይ ለትንሽ ጊዜ ገንዳው ይዘጋና ዓይኔን ላሳርፍ።»

«ምነው፣ ልጅቷ ድናለች አይደል?» አለ ሀብቴ።

«ድናለች።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ሰው እኮ የሚመጣው በአንቺ ስም ነው፣ ጀግና ናት እያለ። ጀግና ደግሞ ቀትር ላይ ይተኛል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ቅር እንዳይላትም ለስላሳ አዘዘላት። «ከበዓል በኋላ እናየዋለን፣ እሺ ትርፊትዬ?»

ሀብቴ ዘንድ ሁሉም ነገር ከበዓል በኋላ ነው። የትኛው በዓል እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም።

መስከረም ተጋመሰና የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ፣ ደረሰ። በያሆዴ የሀዲያ ልጅ ካለበት ሁሉ ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም፣ መንገዱ ከቀናው ከደቡብ አፍሪካም ሳይቀር። ሆሳዕና በመኪና ትጨናነቃለች፣ ሆቴሉ አልጋ ያጥረዋል፣ ገንዳው ውስጥ እግር መዘርጊያ ይጠፋል። ትርፊት ከረጅሙ ነጭ ወንበሯ ላይ ሆና ትቆጥራለች። ትጀምራለች፣ ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች።

ዕንባቆም የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የሞርሲቶ ከተማ ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን የሚባል ከተማ ብዙ ዓመት ሠርቶ ሊያገባ ተመልሷል። ሰርጉም በዚሁ ሆቴል ነው የታሰበው። አጎቱንና የእጮኛውን ወንድሞች አስከትሎ ገንዳው ዳር ጠረጴዛ ያዘና ስለ ደርባን ባሕር ማውራት ጀመረ፤ የማዕበሉን ቁመት በእጁ እየለካ ያሳያቸዋል። ከዚያ ልብሱን አውልቆ፣ በጥልቁ በኩል ባለው መሰላል ወደ ውሃው ወረደ።

ትርፊት ያየችው እጁን ነው። ዋና የሚችል ሰው የገንዳ ጠርዝ የሚይዘው ለወጉ ነው፤ ይህ ሰውዬ ግን ጣቶቹ እስኪነጡ ጨብጦታል። ፊሽካዋን ነፋች። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ እዚያ ጋ ጥልቅ ነው። በወዲህ በኩል ይሁንልዎ» አለችው። ገንዳው ሁሉ ዞሮ አየው። ከእጮኛው ወንድሞች አንዱ ሳቅ አለ።

ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። ዕንባቆም ከውሃው ወጥቶ መጣና፣ «ባሕር ላይ የኖርኩትን ሰውዬ ነው በገንዳ የምታስፈራሪኝ? ፊሽካ ስለያዝሽ ሰው የሆንሽ መሰለሽ?» አላት። ሀብቴ ጫጫታውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳይጠይቅ፣ እንግዶቹ ፊት፣ «ሰው ማክበር አታውቂም? በይ ይቅርታ ጠይቂ» አላት። ጠየቀች። ለመከራከር ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ያለቻትን ጉልበት የምትፈልጋት ለመቁጠር ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ምሳው ተበልቶ ጨዋታው ሲደራ፣ ዕንባቆም ተመልሶ ወደ ጥልቁ ሄደ። አሁን ጠርዝ መያዝ የለም፤ አማቾቹ እያዩት ዘለለ። አንዴ ራሱ ብቅ አለ። ቀጥሎ ግንባሩ ብቻ። ከዚያ እጆቹ ከውሃው በታች፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው፣ የሌለውን ነገር መቧጠጥ ጀመሩ። ድምፅ የለም።

ትርፊት አየችው። ከሰው ሁሉ ቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ወንበሯ ላይ ተነስታም ቆማለች። ፊሽካው አፏ ውስጥ ነው። እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ውሃው ውስጥ ያለው ዕንባቆም መሆኑን ታውቃለች፣ የሚታያት ግን ሹሩባ ነው። ትንፋሿ ፊሽካው ጋ ደርሶ ይመለሳል። ይህ ምን ያህል እንደቆየ እሷም አታውቀውም።

«ትርፊት!» የሚል ድምፅ መጣ። ቲኬት የምትቆርጠው ሶስና ናት፣ ከመስኮቷ ሆና የጠራቻት። ስሟን ስትሰማ እግሯ ተፈታ። ዘላ ገባች፣ ከኋላው ዞራ በብብቱ ስር ያዘችው፣ አንገቷ ላይ ሊጠመጠም ሲታገላት በክርኗ መለሰችውና ወደ ዳር ጎተተችው። ሴራሚኩ ላይ ተዘርሮ አሳለ፣ ውሃ ተፋ።

ሰው ከበበው። አጎቱ፣ «ምን ሆንክ አንተ ልጅ?» አለው። የእጮኛው ወንድሞች ከበላዩ ቆመው ያዩታል። ዕንባቆም አፉን ጠረገና፣ «ምንም አልሆንኩም» አለ። «ትንፋሽ ይዤ እየተለማመድኩ ነበር። ደርባን እንዲህ ነው የምናደርገው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ከሞት አፍ የወጣ ሰው ገና ትንፋሹ ሳይመለስ አማቾቼ ምን ይሉኛል ብሎ ያስባል። አማቾቹም አመኑት፤ አጎቱማ ከሁሉ በላይ አመነ። ሳይመሽ ወሬው መልኩን ቀየረ። ጠዋት በፊሽካ ያዋረደችው ሳያንሳት፣ በደህና ጊዜ የሚዋኘውን ሰው አንቃ እንደ ሕፃን ጎተተችው፣ ያውም አማቾቹ ፊት፣ ያውም በክርኗ ደቁሳ ተባለ። አጎትየው ሽማግሌ ላከ።

ሀብቴ ትርፊትን ቢሮ ጠራት። «ሰርጋቸውን እዚህ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው» አላት። «ነገ ጠዋት ሽማግሌ ፊት ቀርበሽ በድያለሁ ይቅር በሉኝ ትያለሽ፣ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። አሻፈረኝ ካልሽ ግን ልይዝሽ አልችልም።»

«ሰምጦ ነበር እኮ፣ አቶ ሀብቴ።»

«ቢሰምጥስ? አልሞተም አይደል?»

አልሞተም። ይህቺ መልስ ሁልጊዜ አፏን ታስይዛታለች። ትርፊት ፎጣዎቹን ሰብስባ ወደ ተከራየችው ክፍል ሄደችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ መጠየቁ አላስጨነቃትም፤ ይቅርታ ምን ችግር አለው፣ አፍ ነው የሚለው። ያስፈራት ወንበሩ ነው። ሶስና መስኮቷ ላይ ባትኖርስ ኖሮ? ሕፃን ቢሆንስ ኖሮ? እግሯ አንዴ እምቢ ካለ ነገም እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚሞት ሰው ይኖራል፣ እሷም ቆማ ታየዋለች። ወንበሩን ትታ እንዳትወርድ ደግሞ ሌላ ሥራ የላትም፤ ሺንሺቾ እናቷ ጋ ባዶ እጇን ትገባለች። ጀግናዋ ልጃችን እያሉ በየለቅሶውና በየሰርጉ የሚያወሩላት እናቷ ጋ። እንዲህ ስታስብ ነጋ።

ጠዋት፣ ገንዳው ሳይከፈት፣ ሳሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የሚመሯቸው ጋሼ ባፈና ናቸው፤ በሆሳዕና ዙሪያ የእሳቸው እጅ ያልገባበት እርቅ ጥቂት ነው። ሲናገሩ ይዘገያሉ፣ ሲሰሙም ይዘገያሉ። ነገሩ በሀዲይኛ ተጀምሮ ነበር፤ ጋሼ ባፈና ግን፣ «ልጅቷ የከምባታ ልጅ ናት፣ ሁላችንም በምንሰማበት አፍ እንነጋገር» ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። ተጸለየ። አጎትየው በደሉን ዘርዝሮ፣ አሳምሮ ተናገረ። ዕንባቆም አጠገቡ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ተራው የትርፊት ሆነ። ተነሳች። «አባቶቼ፣ ብዙ አልናገርም» አለች። ወደ ዕንባቆም ዞራም ዝቅ አለች። «ወንድሜ፣ በሰው ፊት አሳፍሬህ ከሆነ ይቅር በለኝ።»

ሀብቴ በረጅሙ ተነፈሰ። አጎትየውም ራሱን ነቀነቀ። ሰዉ ሊነሳ ወንበሩን ይጎትት ጀመር። ጋሼ ባፈና ግን አንድ ልማድ አላቸው፤ እርቅ ከመዝጋታቸው በፊት ሁለቱንም ወገን ሦስት ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ አይነሱም። ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ እርቁ በስብሶ ይወጣል ይላሉ።

«ልጄ፣ የቀረ ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«የቀረ ነገር አለ?»

«የለም።»

«የቀረ ነገር አለ?»

ትርፊት የለም ልትል አፏን ከፈተች። ሳታስበው ሌላ ነገር ወጣ። «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። «እኔ ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ አልወጣም። ረዳትና ቀትር ላይ ዓይኔን የማሳርፍበት ጊዜ ለምኜ ነበር፣ አልሆነም። ሲሰምጥ ከሁሉ ቀድሜ አይቼው ነበር፣ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ቆሜ አየሁት። ሶስና ስሜን ባትጠራኝ ኖሮ አባቶቼ፣ ዛሬ እዚህ የምትቀመጡት ለሌላ ነገር ነበር።»

«አልሰመጠም ብለናል እኮ» አለ አጎትየው ተቆጥቶ።

ጋሼ ባፈና እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙትና ወደ ዕንባቆም ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ የቀረ ነገር አለ?»

«የለም።»

«የቀረ ነገር አለ?»

ዕንባቆም ሦስተኛውን ሳይጠብቅ መናገር ጀመረ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ። «የደርባንን ባሕር ያየሁት ከታክሲ መስኮት ነው» አለ። «ሱቅ ውስጥ ነበር የምሸጠው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ፣ እዚያው እየበላሁ፣ እዚያው እየተኛሁ። ሁለት ጊዜ በሽጉጥ ገብተውብኛል። ዛሬም በር ጓ ሲል ወለሉ ላይ በደረቴ እተኛለሁ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ትናንት ውሃው ውስጥ ሆኜ ወንበሯ ላይ ቆማ አየኋት። ነይ፣ ነይ እያልኩ በልቤ እለምናታለሁ። መጮህ እችል ነበር መጀመሪያ ላይ። አፍሬ ነው ያልጮህኩት።»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። ሀብቴ ብቻ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስላልገባው፣ ሰዓቱን አየ።

ጋሼ ባፈና ቀስ ብለው ወደ ትርፊት ተመለሱ። «የመምህሩን ልጅ ያወጣሻት አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ስለ ልጅቷ ብዙ ሰምተናል። አንቺስ እንዴት ሆንሽ?»

ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መጋቢው ጸልዮላታል፣ ሀብቴ ለስላሳ አዝዞላታል፣ እናቷ በስልክ እልል ብለውላታል። እንዴት ሆንሽ ያላት ግን የለም። ትርፊት፣ «ቀዝቃዛ ነበረች» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

ጋሼ ባፈና ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በሀዲይኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ፣ «ሀብቴ፣ ይህ ገንዳ ነገ ይዘጋል» አሉት።

ሀብቴ ወሽመጡ ቁርጥ አለ። «ነገ? ጋሼ፣ በዓል እኮ ነው። ከተማው ሁሉ የሚመጣው ነገ ነው።»

«ለቅሶ ቤት ሥራ አይሠራም።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ማንም ስላልሞተ ነው ሳንደርሳት የቀረነው። በዚያ የምስጋና ቀን እኔም ነበርኩ፤ አጨብጭቤ፣ ምሳ በልቼ ነው የተመለስኩት። ነገ እንመጣለን፣ አጠገቧ እንቀመጣለን። ከነገ ወዲያ ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ ቀትር ላይ ገንዳው ይዘጋላታል፣ ዋና የሚችል ሰውም ትቀጥራለህ።»

«እሱን እንኳ ከበዓል በኋላ...»

«የትኛው በዓል?» አሉ ጋሼ ባፈና።

ሀብቴ ሽማግሌ የተናገረውን እምቢ ብሎ በዚያች ከተማ ሆቴል ማስተዳደር እንደማይቻል ያውቃል፤ እያጉረመረመም ቢሆን እሺ አለ፣ ሰው እፈልጋለሁም አለ። ዕንባቆም ተነስቶ ትርፊት ጋ መጣ። «የሚቀጠረው ሰው እስኪመጣ ከወንበርሽ ስር እቀመጣለሁ» አላት። «ዋና አልችልም። ስምሽን መጥራት ግን እችላለሁ።» ትርፊት ፊቷን ከነጠላዋ ሳታወጣ ራሷን ነቀነቀችለት።

በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ዳር ያሉት የፀሐይ ወንበሮች ተነስተው፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ዕንባቆም አጎቱን ይዞ መጣ። ሶስና ከቲኬት ቤቷ ወጥታ ንፍሮ በሳህን አዞረች። ሰማይ ደመና ነበር፤ ማንም ብዙ አያወራም። አንዱ፣ «አይዞሽ» ይላል፣ ይቆያል፣ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ትርፊት መካከላቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ አፈረች፣ ሰዉ ሁሉ በእኔ የተነሳ ሥራ ፈታ ብላ። ጋሼ ባፈና ሊያጽናኗት አልሞከሩም፤ ዝም ብለው ብቻ አጠገቧ ተቀመጡ። በኋላ ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ለቅሶ መጣ፣ አለቀሰች፣ ማንም ደግሞ ለምን አላላትም።

ረፋድ ላይ የአቢጋኤል ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ደረሱ። አቢጋኤል ልጅ ናት፣ ወግ አታውቅም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ትርፊት ጭን ላይ ተቀመጠች። ትርፊት ልታወርዳት ነበር። ግን እጇ ቀደማትና የልጅቷን ሹሩባ ነካች። ደረቅ ነበር፤ ቅቤ ተቀብቶ ሞቅ ያለ የልጅ ጠጉር።

በዓል ነውና እንግዶች በር ላይ መድረስ ጀመሩ፤ የዋና ልብስ በፌስታል የያዙ፣ ልጆች ያንጠለጠሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ጥቁር መነጽር ያደረጉ። ሶስና በሩ ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ዝግ ነው» ትላቸዋለች። ወደ ውስጥ አጮልቀው ጋቢውንና ዝምታውን ያያሉ።

«ውይ፣ ማን አርፎ ነው?» ይሏታል።

«ማንም አላረፈም።»

«ታዲያ?»

ሶስና በጣቷ ብቻ ትርፊትን ታሳያለች። አብዛኛው ሰው ነገሩ ሳይገባው መነጽሩን ያወልቃል፣ ነጠላ ያላት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ገብተውም ቦታ ፈልገው ፎጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ለቅሶ ቤት ደርሶ ከበር መመለስ ማን ለምዶ። ሀብቴም ሰዓቱን ማየት ትቶ ከዳር አንድ ወንበር ላይ አረፈ።

ከሰዓት በኋላ ሳሩ ሁሉ ሰው ሆነ። ትርፊት አቢጋኤልን እንዳቀፈች ራሷን ጋሼ ባፈና ጉልበት ላይ አስደገፈች። ሰዎች ይመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ኋላ ሶስና፣ ምን ያህል ሰው መጥቶ ነበር ብላ ስትጠይቃት፣ አልቆጠርኩም አለቻት።